ላይና ታችን የምትለይ ጠጠር፦ አንጎል የሌላቸው የባሕር እንስሳት ሚዛናቸውን እንዴት ይጠብቃሉ?

እ.ኤ.አ. በጁን 1991 ኮሎምቢያ የተሰኘችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከፍሎሪዳ ስትነሣ፣ ከሰባቱ ጠፈርተኞች ሌላ ያልተለመዱ መንገደኞችን አሳፍራ ነበር። እነርሱም የባሕር ውሃ በተሞሉ ከረጢቶችና ጠርሙሶች ውስጥ የታሸጉ፣ ቁጥራቸው ከ2,400 የሚበልጥ፣ ገና በዕድገት ላይ ያሉ ጄሊፊሾች ነበሩ። ዘጠኝ ቀናት የፈጀው በረራ ሲጠናቀቅ በዚያው በሕዋ ተራብተው ቁጥራቸው ወደ 60,000 ደርሶ ነበር።

ሙከራውን የመሩት በአሜሪካ የምሥራቅ ቨርጂኒያ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዋ ዶክተር ዶሮቲ ስፓንገንበርግ ናቸው። ጥያቄያቸው በአጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ የመሬትን ስበት አንድም ቀን ሳይቀምስ ያደገ ፍጡር፣ ስበትን የሚያውቅበት አካል ይኖረዋልን? ቢኖረውስ ይሠራለታልን?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የተገኘው መልስ «አዎን» የሚል ነው። በሕዋ ያደጉት ጄሊፊሾች አካላቸው በጥቅሉ በምድር ካደጉት ጋር ተመሳሳይ ነበር፤ ስበትን የሚለዩበትን አካልም አብቅለዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንደዚያ ቀላል አልሆነም። ወደ ምድር ከተመለሱ በኋላ፣ ከምድር አቻዎቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የሰውነታቸው ምት የተዛባና አዋኛኘታቸው የተሳሳተው በቁጥር በልጠው ተገኙ። መሣሪያውን ይዘው ተፈጥረዋል፤ ንባቡ ግን ግር ያላቸው ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ሰው ከምድር ውጭ ይኖራል፣ ልጅም ይወልዳል ብለው ለሚያስቡ ሁሉ ይህ ውጤት ቀላል ወሬ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለመረዳት ግን ከሕዋ ወርዶ ወደ ባሕር መግባት ያስፈልጋል።

በውሃ ውስጥ «ታች» ወዴት ነው?

በየብስ ለሚኖር ፍጡር ታች የት እንደሆነ መጠየቅ ቂልነት ይመስላል። መሬት እግርን ትገፋለች፤ የወደቀ ሁሉ ወደ እርሷ ይወርዳል። በውሃ መካከል ለሚንሳፈፍ ለስላሳ እንስሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጄሊፊሽ ሰውነት 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ እፍጋቱም ከከበበው ባሕር እፍጋት ብዙ አይለይም። የሚረግጠው ወለል፣ የሚደገፍበት ግድግዳ የለውም። ብርሃን በቀን አቅጣጫን ሊጠቁም ይችላል፤ ነገር ግን ሌሊት አለ፣ የደፈረሰ ውሃ አለ፣ ጸሐይ የማይደርስበት ጥልቀት አለ።

የላይና የታች ልዩነት ደግሞ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ምግብ በአብዛኛው የሚገኘው ብርሃን በሚደርስበት የላይኛው የውሃ ክፍል ነው። ወደ ላይ የሚዋኝ መስሎት ወደ ወለሉ የሚወርድ ፍጡር ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል፤ ወይ ይራባል፣ ወይ ይበላል።

ግንበኛ ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን ማረጋገጥ ሲፈልግ ቱንቢውን ይጥላል። በክር ጫፍ የተንጠለጠለችው ክብደት ያለ ማንም ምክር ወደ መሬት ማዕከል ታመለክታለች። የባሕር እንስሳትም ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የደረሱበት መፍትሔ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ቱንቢውን በሰውነታቸው ውስጥ መሸከማቸው ነው።

ይህ የውስጥ ቱንቢ በሳይንስ «ስታቶሲስት» ይባላል። አሠራሩ አራት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፦ ፈሳሽ የያዘች ጥቃቅን ክፍል፣ በውስጧ ከውሃ የከበደች ጠጠር፣ ጠጠሯ የምትጫናቸው ረቂቅ ጸጉሮች ያሏቸው ህዋሳት፣ ከእነዚህም መልእክት ተቀብሎ የሚያደርስ ነርቭ። ጠጠሯ «ስታቶሊት» ትባላለች። እንስሳው ሲያዘነብል ጠጠሯ ወደ ታች ታደላለች፤ የምትጫናቸው ጸጉሮች ይለወጣሉ፤ የትኛው ወገን እንደተጫነ ማወቅ ደግሞ ታች የት እንደሆነ ማወቅ ነው።

ብረት የተሸከመው ሽሪምፕ

ሳይንቲስቶች ይህን አካል ለረጅም ጊዜ የተረዱት በተሳሳተ መንገድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙዎቹ ተመራማሪዎች በሽሪምፕና በመሰሎቹ ራስ ላይ ያገኙትን ይህን ከረጢት ጆሮ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፈረንሳዊው ኢቭ ዴላዥ እ.ኤ.አ. በ1887 ከረጢቱ የጠፋበት እንስሳ ሚዛኑን እንደሚያጣ አሳየ። ወሳኙ ማረጋገጫ ግን የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከቪየና ነው።

አሎይስ ክራይድል እ.ኤ.አ. በ1893 ይፋ ያደረገው ሙከራ በሽሪምፕ አንድ እንግዳ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሽሪምፕ የሚያድገው አሮጌ ቅርፊቱን እየጣለ ነው። ቅርፊቱ ሲወልቅ በትንንሾቹ አንቴናዎች ሥር የሚገኘው የስታቶሲስት ውስጠኛ ሽፋንም ከነጠጠሮቹ አብሮ ይወልቃል። ስለዚህ እንስሳው ቅርፊት በቀየረ ቁጥር ሚዛኑን እንደገና መሥራት አለበት፤ ከባሕሩ ወለል የአሸዋ ቅንጣቶችን ወደ ከረጢቱ ያስገባል።

ክራይድል ቅርፊታቸውን ሊጥሉ የተቃረቡ ሽሪምፖችን አሸዋ በሌለበት ገንዳ አኖራቸው፤ በአሸዋው ፈንታ የብረት ብናኝ በተነላቸው። እንስሳቱም ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ብረቱን በከረጢታቸው አኖሩት። ከዚያ በኋላ ተመራማሪው ማግኔት አቀረበላቸው። ማግኔቱ ከጎን ሲመጣ ወደ ጎን አዘነበሉ፤ ከላይ ሲመጣ ደግሞ የብረቱ ቅንጣቶች ወደ ላይ ስለተሳቡ ሽሪምፖቹ ተገልብጠው በጀርባቸው ዋኙ። በዓለም ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የባሕሩ ወለል ከሥራቸው፣ ብርሃኑም ከላያቸው እንደነበረ ነው። የተለወጠው የጥቂት ቅንጣቶች አቅጣጫ ብቻ ነበር።

ከዚህ የቀረበ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል። ለሽሪምፕ «ታች» ማለት ጠጠሯ የተጫነችበት ወገን ማለት ነው።

ጄሶ የተሸከመው ጄሊፊሽ

ሽሪምፕ አሸዋ ከውጭ ይለቅማል፤ ጄሊፊሽ ግን ጠጠሩን ራሱ ያመርታል። በብዙ የዓለም ባሕሮች ዳርቻ የሚታየውና «የጨረቃ ጄሊፊሽ» የሚባለው ዝርያ በጃንጥላ መሰል ሰውነቱ ጠርዝ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ትንንሽ የስሜት አካላት አሉት። በእያንዳንዳቸው ጫፍ በህዋሳት ውስጥ የተመረቱ ክሪስታሎች ተከምረው ይገኛሉ።

የእነዚህ ክሪስታሎች ምንነት ራሱን የቻለ አስገራሚ ታሪክ ነው። ቀድሞ ተራ የጂፕሰም ማዕድን ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በኋላ በኤክስሬይ ሲመረመሩ ግማሽ ሞለኪውል ውሃ ብቻ የያዘ የካልሲየም ሰልፌት ዓይነት ሆነው ተገኙ። ይህ ውሕድ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም፤ ግንበኛ ጣሪያና ግድግዳ የሚያሳምርበት፣ ሐኪምም የተሰበረ አጥንት የሚያስርበት የጄሶ ዱቄት ነው። ጄሶ ውሃ ሲነካው ወዲያው ወደ ሌላ ማዕድን ተለውጦ እንደሚደርቅ የታወቀ ነው። ሰውነቱ ከሞላ ጎደል ውሃ የሆነው ጄሊፊሽ ግን ይህንኑ ዱቄት በህዋሳቱ ውስጥ ሳይለወጥ ያኖረዋል። እፍጋቱ ከውሃ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ በመሆኑም ለቱንቢነት የተመቸ ነው።

ጄሊፊሽ አንጎል የለውም፤ ሆኖም እነዚያ ስምንት አካላት የሰውነቱን ምት የሚያስጀምሩ የነርቭ ማዕከሎችም ናቸው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆርጅ ሮማኔስ በ1870ዎቹ የጄሊፊሹን ጠርዝ ቆርጦ ሲያስወግድ የሰውነቱ ምት እንደሚቆም አስተውሎ ነበር። በመሆኑም መለኪያውና መቅዘፊያው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንስሳው ሲያዘነብል በአንዱ ወገን ያለችው ክምር ጎንበስ ብላ አጠገቧ ያሉትን ጸጉራም ህዋሳት ትነካለች፤ የምቱ ኃይል በሁለቱ ወገን እኩል መሆኑ ይቀራል፤ ጃንጥላውም ቀስ በቀስ ይቃናል። ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ ሳይኖር ስምንት ታዛቢዎች ተስማምተው አንድ አካል ያቀናሉ።

ከጄሊፊሽ ጋር በስም እንጂ በዘር እምብዛም የማይቀራረበው ባለ ሚዶ ጄሊ ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ በአንዲት ጠጠር ይፈጽመዋል። ይህ ብርጭቆ መሰል እንስሳ የሚዋኘው በጎኑ በተደረደሩ ስምንት የሚዶ ጥርስ መሰል ቅዘፊያዎች ነው። ከአፉ በተቃራኒ ባለው ጫፍ፣ በጉልላት መሰል ግልጽ ሽፋን ሥር፣ አንዲት ጠጠር በአራት የጸጉር ምሰሶዎች ላይ ተቀምጣለች። እያንዳንዱ ምሰሶ ሁለት ሁለት የሚዶ ረድፎችን ያዝዛል። እንስሳው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ጠጠሯ አንዱን ምሰሶ ከሌሎቹ አብልጣ ትጫናለች፤ የዚያ ምሰሶ ረድፎች የምት ፍጥነት ይለወጣል፤ እንስሳውም ይዞራል።

ይበልጥ የሚደንቀው መልሱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ይኸው ባለ ሚዶ ጄሊ እንደ ሁኔታው አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴም ወደ ታች መዋኘትን ይመርጣል። ጠጠሯ የምትናገረው ታች የት እንደሆነ ብቻ ነው፤ ወዴት መሄድ እንደሚገባ የሚወስነው የእንስሳው ነርቭ ነው።

ሁልጊዜ ወደ ሰማይ የምታይ ዐይን

ስበትን ማወቅ ከሚዛን አልፎ ለሌላ ስሜት መሠረት ሊሆን እንደሚችል ያሳየው በካሪቢያን ባሕር የሚኖር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሣጥን መሰል ጄሊፊሽ ነው። ይህ ፍጡር በማንግሮቭ ዛፎች ሥር በውሃው ውስጥ በሚገቡ የብርሃን ጨረሮች መካከል ጥቃቅን እንስሳትን እያደነ ይኖራል። ከሥሮቹ መካከል ርቆ ወደ ክፍቱ ውሃ ከተወሰደ ይራባል።

በሰውነቱ አራት ጎኖች የተንጠለጠሉ አራት የስሜት አካላት አሉት፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ስድስት ዐይኖች፣ በድምሩ 24 ዐይኖች ይገኛሉ። እያንዳንዱ አካል በተጣጣፊ ግንድ ተንጠልጥሎ ከግርጌው ከባድ ክሪስታል ተሸክሟል። በዚህ ምክንያት እንስሳው ቢዘነብል፣ ቢገለበጥም እንኳ፣ አካሉ እንደ ቱንቢ ተመልሶ ይቆማል፤ ከዐይኖቹም አንዷ ምንጊዜም ወደ ላይ ብቻ ታያለች።

በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት አንደርስ ጋርምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ይህች ዐይን የምትፈልገውን ገለጹ። በፖርቶ ሪኮ የማንግሮቭ ዳርቻ ባደረጉት ሙከራ፣ እንስሳው በውሃው ገጽ አሻግሮ የዛፎቹን ቅጠል ጥላ እንደሚያይና ስምንት ሜትር ያህል ርቆ ሳለ እንኳ የመመለሻውን አቅጣጫ እንደሚለይ አረጋገጡ። አንጎል የሌለው ፍጡር ቤቱን የሚያገኘው ሰማይ ላይ በተሣለ ምልክት ነው፤ ሰማዩ ወዴት እንደሆነ የምትነግረው ደግሞ ጠጠሯ ናት።

በኪስ ያለው ስታቶሲስት

ይህን ጽሑፍ በእጅ ስልክ የሚያነብ ሰው ስልኩን ወደ ጎን ቢያጋድም ገጹ አብሮ ሊዞር ይችላል። ይህ የሚሆነው በስልኩ ውስጥ ባለ አክሰለሮሜትር በተባለ ጥቃቅን መሣሪያ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ከሲሊከን የተሠራች ቅንጣት ክብደት በረቂቅ ምንጮች ተይዛ ትገኛለች፤ ስልኩ ሲያጋድል ትንቀሳቀሳለች፤ እንቅስቃሴዋም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል። ክብደቷ ጠጠር፣ ምንጮቹ ጸጉር፣ ኤሌክትሪኩ ነርቭ ነው። መሐንዲሶች በ20ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ በጅምላ ማምረት የጀመሩትን መሣሪያ ባሕር ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል።

ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ድካምም ይጋራሉ። ጠጠሯ የተጫነቻት ኃይል ከመሬት ስበት ይምጣ ከድንገተኛ ፍጥነት ለውጥ ልትለይ አትችልም። በሕዋ የሆነውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የጠፈር መንኮራኩር በሚዞርበት ከፍታ የመሬት ስበት ጠፍቷል ማለት ስሕተት ነው፤ በ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንኳ ከ90 በመቶ በላዩ አለ። ነገር ግን መንኮራኩሯ፣ ውሃው፣ ጄሊፊሹና ጠጠሩ ሁሉም በአንድነት፣ በእኩል ፍጥነት በመሬት ዙሪያ ይወድቃሉ። ሁሉም አብሮ ሲወድቅ ጠጠሯ ማንንም አትጫንም። ቱንቢው አለ፤ የሚወጥረው ክር ግን የለም።

ጩኸት ያጠፋው ሚዛን

ይህ ጥንታዊ መሣሪያ አደጋ የሚገጥመው በሕዋ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2003 በሰሜን ስፔን በአስቱሪያስ ዳርቻ ግዙፍ ስኩዊዶች ሞተው ተገኙ። ጊዜው በአቅራቢያው ባሕር ከወለሉ ሥር ያለውን የድንጋይ ንጣፍ ለማጥናት በአየር መድፍ ኃይለኛ ድምፅ ይለቀቅ ከነበረበት ወቅት ጋር የተገጣጠመ በመሆኑ ጥርጣሬ ተነሣ።

በባርሴሎና በካታሎኒያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሚሼል አንድሬ፣ ማርታ ሶሌና ባልደረቦቻቸው ጥርጣሬውን ለመፈተሽ ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስና ካትልፊሽ የተባሉትን የባሕር እንስሳት በገንዳ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላለው ኃይለኛ ድምፅ አጋለጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ውጤት አስደንጋጭ ነበር፤ በስታቶሲስቶቹ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ጸጉሮች ታጥፈው፣ ተሰብረው፣ አንዳንዶቹም ህዋሶች ከቦታቸው ተነቅለው ታዩ። ጉዳቱም ድምፁ ከቆመ በኋላ በቀናት ውስጥ እየባሰ ሄደ። ያው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 በሜዲትራኒያን ሁለት የጄሊፊሽ ዝርያዎች ላይ ተመሳሳይ ጉዳት መመልከቱን ገለጸ።

በገንዳ የታየው በሰፊው ባሕር በምን ያህል ርቀትና መጠን እንደሚደገም ገና በጥናት ላይ ያለ ጉዳይ ነው። ሙከራው ያቋቋመው ነጥብ ግን ግልጽ ነው። የመርከብ ሞተርም ሆነ የማዕድን ፍለጋ ፍንዳታ ጆሮ የላቸውም በተባሉት ፍጡራን ላይም ሊደርስ ይችላል፤ የሚመታቸውም መስማታቸውን ሳይሆን የቆሙበትን አቅጣጫ ነው። ላይና ታችን የማያውቅ ስኩዊድ አያድንም፣ አያመልጥም።

በሰው ጆሮ ውስጥ ያለው ኖራ

የሰው ልጅም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ፣ ከመስሚያው አካል አጠገብ፣ ሁለት ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በውስጣቸውም በረቂቅ ጸጉሮች ላይ በተነጠፈ ሙጫ መሰል ሽፋን የተጣበቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሪስታሎች ይገኛሉ። የተሠሩትም ከጄሶ ሳይሆን ከካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ውሕድ ነው። ጄሊፊሽ ጄሶን፣ ሽሪምፕ አሸዋን፣ ሰው ኖራን መረጠ፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

እነዚህ ክሪስታሎች አንዳንዴ ከቦታቸው ተነቅለው የራስን መዞር ወደሚለኩት የጆሮ ቧንቧዎች ይገባሉ። በዚያን ጊዜ ሰውየው በአልጋው ላይ ገልበጥ ሲል ወይም ቀና ሲል ክፍሉ በኃይል ይሽከረከርበታል። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ማዞር ያለ ቀዶ ጥገናና ብዙ ጊዜም ያለ መድኃኒት ያክሙታል፤ የታማሚውን ራስ በቅደም ተከተል እያዞሩ ክሪስታሎቹ በገዛ ክብደታቸው ወደ ቦታቸው እንዲንሸራተቱ ያደርጋሉ። ችግሩን ያመጣው ስበት፣ የሚፈታውም ስበት ነው።

ጠፈርተኞችም ወደ ሕዋ በወጡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማቅለሽለሽና የማዞር ሕመም ይይዛቸዋል፤ ሲመለሱም እግራቸው እስኪጸና ጊዜ ይወስድባቸዋል። ይሁን እንጂ ያገግማሉ። ምክንያቱም ነርቫቸው የምድርን ስበት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ፣ በወደቁና በተነሡ ቁጥር፣ ተምሮታል። የሚረሳውን መልሶ የሚያስታውስበት መነሻ አለው።

የኮሎምቢያ ጄሊፊሾች ያንን መነሻ አላገኙም። ጠጠሮቻቸው በቦታቸው፣ ጸጉሮቻቸውም በሥርዓት ቆመው ሳለ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠሯ ስትጫናቸው መልእክቱ ምን ማለት እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። አካልን የሚሠራው ውርስ ነው፤ አካሉን ማንበብ ግን በኑሮ የሚገኝ ሊሆን ይችላል። ጨረቃ ላይ ያለው ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ፣ ማርስ ላይ ያለው ደግሞ 38 በመቶ ያህል ነው። በዚያ ተወልዶ የሚያድግ ልጅ በጆሮው የሚሸከማቸው የኖራ ቅንጣቶች እንደ ወላጆቹ ሁሉ በቦታቸው ይኖሩ ይሆናል። ወደ አያቶቹ ምድር ሲመጣ ግን ቅንጣቶቹ የሚነግሩት ቋንቋ የእርሱ ላይሆን ይችላል፤ ያን ችግር አስቀድመው ያሳዩት ደግሞ አንጎል የሌላቸው፣ በጄሶ ጠጠር የሚመሩ የባሕር ፍጡራን ናቸው።